ኮዱ በእጄ፣ ፈቃዱ በሰው እጅ

የባንኬ መተግበሪያ ስልኬን አያምነውም። ስከፍተው ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ «ይህ መሣሪያ አስተማማኝ ስላልሆነ አገልግሎቱን መስጠት አንችልም» የሚል ጽሑፍ ያወጣና ይዘጋል። ስልኩ የሚሠራው ከአንድሮይድ በወጣ ክፍት ምንጭ (ኮዱን ማንም ሊያነበው የሚችል) ሥርዓተ ክወና ነው። የደኅንነት ማሻሻያው የዚህ ወር ነው፤ ስልኩን የሚያስነሣው ፕሮግራም (ቡትሎደሩ) ተቆልፏል፤ በተነሣ ቁጥር እያንዳንዱ የሥርዓቱ ክፍል በዲጂታል ፊርማ ይመረመራል። የወንድሜን ስልክ ግን አምራቹ ከተወው ዓመታት አልፈዋል፤ የመጨረሻው ማሻሻያ መቼ እንደገባለት ባለቤቱም አያስታውስም። በዚያ ስልክ ላይ ያው መተግበሪያ አንድም ጥያቄ ሳያነሣ ይከፈታል።

ባንኩን ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። የመተግበሪያው ሠሪዎች እንደ እኔ ያለ ደንበኛ መኖሩንም ላያውቁ ይችላሉ። ትኩረቴን የሳበው እምቢታው የመጣበት መንገድ ነው። አንድሮይድ ከሁለት ክፍሎች የተሠራ ነው። አንዱ ማንም አውርዶ ሊያነበውና ሊለውጠው የሚችለው ኮድ ነው። ሌላው በዚያ ላይ የሚጫነው፣ የጉግል ፕሌይ አገልግሎቶች የሚባለው ዝግ ክፍል ነው። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ በ2008 ለገበያ ሲቀርብ አብዛኛው ሥራ የሚከናወነው በክፍቱ ክፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሳወቂያ ማድረስ፣ ያሉበትን ቦታ ቶሎ ማወቅ፣ ክፍያ መፈጸምና ሌላም ሌላም ቀስ በቀስ በዝጉ ክፍል ላይ የሚደገፍ ሆነ። ክፍቱ ኮድ ዛሬም ለማንም ክፍት ነው። ዝጉን አውልቀው ብቻውን ሲያስቀሩት ግን ከመተግበሪያዎቹ ስንቶቹ ያንን ክፍል ተማምነው እንደተጻፉ ያያሉ።

አንድ መተግበሪያ የተጫነበትን ስልክ መመርመር ሲፈልግ ፕሌይ ኢንተግሪቲ ለሚባለው የጉግል አገልግሎት ጥያቄ ይልካል። ጥያቄው ስለ ደኅንነት ይመስላል። መልሱ በዋናነት የሚናገረው ግን ስልኩ ጉግል ያጸደቀውን ሶፍትዌር መያዝ አለመያዙን ነው። ያረጀውና ቀዳዳው የበዛው የወንድሜ ስልክ በወጣበት ጊዜ ጸድቋል፤ ስለዚህ ያልፋል። የእኔ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ይወድቃል። ሌላ መንገድ ጠፍቶ አይደለም። አንድሮይድ ራሱ መተግበሪያዎች ከስልኩ የደኅንነት ቺፕ በቀጥታ ማረጋገጫ የሚቀበሉበት ዘዴ አለው፤ እንደ ግራፊንኦኤስ ያሉ፣ ከአንድሮይድ ክፍት ኮድ የተሠሩ ሥርዓቶችን ለይቶ ማሳለፍም በዚያ ዘዴ ይቻላል። ይህን ለማድረግ ግን የባንኩ ባለሙያ ተጨማሪ ኮድ መጻፍ፣ የሚታመኑ ቁልፎችን ዝርዝር መያዝ፣ ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ደግሞ ለአለቃው ማስረዳት አለበት። የጉግልን መልስ ተቀብሎ ቢያልፍ የሚጠይቀው የለም። በእሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።

ክፍት አማራጮችን መጠቀም ከጀመርኩ ጊዜ አንሥቶ ሰዎች የሚጠይቁኝ «ከዝጉ ጋር እኩል ጥሩ ነው ወይ?» እያሉ ነው። ይህ ጥያቄ ዛሬ አያስቸግረኝም። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «አዎ» ነው፤ አንዳንዴም «ይበልጣል»። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ይህ ነገር እንዲሠራልኝ የስንት ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል? ማንንም ሳያስፈቅድ የሚሠራ ከሆነ ክፍቱ አማራጭ በደረቱ ይራመዳል። የቺፕ አምራች፣ የፊልም አከፋፋይ፣ ባንክ ወይም የዘመድ አዝማድ ስልክ በመካከል ከገባ ግን ኮዱ የቱንም ያህል ቢያምር ከደጅ ይቀራል።

የመጀመሪያው ወገን ምሳሌ ብሌንደር የተባለው የአኒሜሽን መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ባለቤቱ የነበረው ኩባንያ በከሰረበት በ2002 ተጠቃሚዎቹ በሰባት ሳምንት ውስጥ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ኮዱን አስለቀቁት። በ2025 በረጅም አኒሜሽን ፊልም ዘርፍ የኦስካር ሽልማትን ያሸነፈው ሥራ የተሠራው በዚሁ ሶፍትዌር ነው። ሠዓሊው ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻውን ይቀመጣል፤ የሚያወጣው ምስል ነው፤ ምስሉ አንዴ ከወጣ በምን እንደተሠራ ማንም አይመረምርም። ያገኘውን ቪዲዮ ሁሉ የሚከፍተው ቪኤልሲም፣ የይለፍ ቃል የሚያስቀምጠው ኪፓስም እንዲሁ ናቸው። ስለ እነዚህ ብዙ የምለው የለኝም፤ ይሠራሉ።

ሃርድዌር ላይ ሲደረስ ነገሩ ይቀየራል። የሚገርመው የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄ የተወለደውም ከአንድ ማተሚያ ጋር በተፈጠረ ጠብ መሆኑ ነው። በ1980 ገደማ በኤምአይቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ውስጥ ዜሮክስ የለገሰው አዲስ ሌዘር ማተሚያ ነበር፤ ወረቀት እየያዘ ያስቸግራል። የቤተ ሙከራው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስታልማን በቀድሞው ማተሚያ ላይ፣ ወረቀት ሲጣበቅ ለሚጠብቁት ሰዎች መልእክት የሚልክ ኮድ ጨምሮ ነበር። በአዲሱም ያንኑ ሊያደርግ ቢፈልግ የምንጭ ኮዱ አብሮ አልመጣም። ኮዱን የያዘ ተመራማሪ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አግኝቶ ቢጠይቀው፣ ለማንም ላለመስጠት ቃል ገብቻለሁ ብሎ መለሰው። በ1983 ነጻ ሥርዓተ ክወና ለመሥራት ያለመው የጂኤንዩ ፕሮጀክት ሲታወጅ ከጀርባው ይህ ቁጭት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ አልፏል። የኢንተርኔቱ ሰርቨሮች አብዛኞቹ ሊኑክስ በተባለው ክፍት ሥርዓተ ክወና ይሠራሉ። በማተሚያው ሆድ ውስጥ ያለው ኮድ ግን ያኔም ዝግ ነበር፤ ዛሬም ዝግ ነው።

ማተሚያ እንኳ ይቅር፤ ስልክ ይባስ ነው። በእያንዳንዱ ስልክ ውስጥ ባለቤቱ የማያየው ሁለተኛ ኮምፒውተር አለ፤ ከሞባይል ኔትወርክ ጋር የሚነጋገረው ሞደም። የራሱ ፕሮሰሰርና የራሱ ሥርዓተ ክወና አለው፤ ኮዱን የሚያውቀው አምራቹ ብቻ ነው። የሚሠሩት ኩባንያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በፓተንትና በሬዲዮ ፈቃድ የታጠረ ሥራ ስለሆነ በጎ ፈቃደኞች ቅዳሜና እሑድ ተሰብስበው አይጽፉትም። በዓለም ላይ እጅግ ነጻ የተባለውን ስልክ የያዘ ሰውም ቢሆን ቤቱን በገዛ እጁ ሠርቶ የግቢውን ቁልፍ ለማያውቀው ሰው እንደሰጠ ነው። ፑሪዝም የተባለው ኩባንያ ሊብረም 5 የሚለውን ስልክ ሲሠራ ይህን ስለተረዳ ሞደሙን በተለየ ካርድ ላይ አድርጎ የኤሌክትሪክ ማጥፊያ አበጀለት። ሊከፍተው ያልቻለውን ቢያንስ እንዲያጠፋው ማለት ነው። መፍትሔው ብልህ ነው፤ ሲጠፋ ግን ስልኩም መደወል ያቆማል።

የዚህ ስልክ ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። ገዢዎች በ2017 ገንዘባቸውን አስቀድመው ከፈሉ፤ የተባለው ቀን ጥር 2019 ነበር። በብዛት መላክ የተጀመረው በ2020 መገባደጃ ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት የጠበቁ ነበሩ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ያሉ ሰዎች አይፈረድባቸውም። ስልኩ ሲደርስ ወፍራም ነበር፤ ይሞቃል፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ሰዎች ይህን የሠሪዎቹ ስንፍና አድርገው ያዩታል። ምክንያቱ ወዲህ ነው። የዘመናዊ ስልክ ቺፕ የሚሠሩት ኩባንያዎች ሙሉ ሰነዳቸውን አይሰጡም። ድራይቨሩ (ቺፑን ከሥርዓተ ክወናው ጋር የሚያነጋግረው ኮድ) ክፍት የሆነ ቺፕ የፈለገ ሰው ለስልክ ታስቦ ወዳልተሠራ፣ በፋብሪካና በተሽከርካሪ ውስጥ ወደሚገባ ቺፕ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ቺፕ ስለ ባትሪ ብዙ አይጨነቅም። ነጻነቱና ሙቀቱ የመጡት ከአንድ ውሳኔ ነው። ከዚያ በፊትም የሞከሩ ነበሩ፤ በ2007 ኦፕንሞኮ፣ በ2013 የሞዚላው ፋየርፎክስ ኦኤስ፤ ካኖኒካል የተባለው ኩባንያም ኡቡንቱ የሚለውን ሊኑክሱን ለስልክ ሲሠራ ቆይቶ በ2017 እጁን አነሣ። የመጨረሻውን እስካሁን የሚያቆዩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ዛሬ በደኅንነቱ የተመሰገነው ግራፊንኦኤስ ለረጅም ጊዜ የሚጫነው በጉግል ፒክስል ስልኮች ላይ ብቻ ነበር። ከጉግል ለማምለጥ የጉግልን ስልክ መግዛት፣ አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ። ከስንፍና የመጣ ምርጫ አይደለም፤ ሌላ ሥርዓት ከጫኑ በኋላ ቡትሎደሩን በራስ ቁልፍ መልሶ መቆለፍ የሚፈቅድና ጠንካራ የደኅንነት ቺፕ ያለው ስልክ ሲፈለግ በዝርዝሩ ላይ የቀረው እሱ ስለነበር ነው። ይህንንም ፈቃድ ቢሆን የሰጠው አምራቹ ነው።

በፈቃድ ደረጃ የነገሩን ደረቅነት ከሁሉ የበለጠ ያሳየኝ ግን ምስልና ድምፅ ወደ ቴሌቪዥን የሚያስተላልፈው የኤችዲኤምአይ ገመድ ጉዳይ ነው። ኤኤምዲ የተባለው ግዙፍ ቺፕ አምራች ለሊኑክስ የሚያቀርበው የግራፊክስ ድራይቨር ክፍት ነው። መሐንዲሶቹ የኤችዲኤምአይ 2.1 ድጋፍ ጨመሩበት፤ ሠርቷልም። ደረጃውን የሚያስተዳድረው የኤችዲኤምአይ ፎረም ግን በ2024 አልፈቀደም። ዝርዝሩ ለአባላት ብቻ የተያዘ ስለሆነ ማንም በሚያነበው ኮድ ውስጥ መውጣት የለበትም ተባለ። እዚህ ላይ በጎ ፈቃደኛ አልጎደለም፤ ገንዘብ አልጎደለም፤ ኮድም አልጎደለም። የተጻፈና የተሞከረ ኮድ በአንድ ማኅበር ቃል መሳቢያ ውስጥ ቀረ። በቴሌቪዥኑ ላይ 4ኬ በሰከንድ 120 ምስል የፈለገ ሰው የሚወቅሰው ግን ሊኑክስን ነው።

ፈቃድ ሳይጠይቁ የሚገቡም አሉ፤ ዋጋው ይከብዳል። አፕል በኅዳር 2020 ኤም1 ቺፕን ሲያወጣ ሌላ ሥርዓተ ክወና ማስነሣትን አልከለከለም፤ ስለ ቺፑ አሠራር ግን ሰነድ አልሰጠም። ሊኑክስን በአፕል ኮምፒውተሮች ላይ ለማስኬድ የተነሣው የአሳሂ ሊኑክስ ቡድን የግራፊክሱን፣ የድምፁን፣ የኃይል አስተዳደሩን አሠራር ከውጭ እየመረመረ ደረሰበት። ያ ሥራ በዘመናችን ካየኋቸው የምህንድስና ጀብዱዎች አንዱ ነው ብል አላጋነንኩም። ነገር ግን ቡድኑ ገና በኤም1ና በኤም2 ላይ ሳለ አፕል ኤም4 ላይ ደርሶ ነበር። መሪው ሄክተር ማርቲን በየካቲት 2025 ኃላፊነቱን ለቀቀ። ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ መዛል ነው። በየዓመቱ አዲስ ቺፕ የሚያወጣን ኩባንያ በትርፍ ሰዓት ማሳደድ እስከ መቼ ይቻላል?

ስለ ፊልም በአጭሩ። የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ3ሲ በ2017 የቅጂ ጥበቃ መቆለፊያን በደረጃነት አጸደቀ፤ የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን በተቃውሞ ከአባልነቱ ወጣ። ክፍት የሆነው የድር ማሰሻ ፋየርፎክስ እንኳ ፊልም ለማሳየት ዋይድቫይን የሚባለውን የጉግል ዝግ ክፍል ያወርዳል። በሊኑክስ ላይ ደግሞ አንዳንድ አገልግሎቶች ሙሉ ጥራቱን አይሰጡም። ማያ ገጹ ይችላል፤ ፕሮሰሰሩ ይችላል፤ የደንበኛው ክፍያም ያው ነው።

እስካሁን ያነሣኋቸው ከልካዮች ኩባንያዎችና ማኅበራት ናቸው። ከሁሉ የሚከብደኝ ከልካይ ግን ታላቅ እህቴ ናት። ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ ኮዱ ክፍት ነው፤ ምስጠራው የተመሰገነ ነው፤ አጠቃቀሙም ከሌሎቹ አይለይም። እንድትጭነው ስለምናት እንዲህ አለችኝ፦ «ሁሉም ሰው ያለበትን ትቼ አንተን ለማግኘት ብቻ ሌላ ልጫን? ስትናፍቀኝ እደውልልሃለሁ።» መልስ አልነበረኝም። የመልእክት መተግበሪያ ዋጋው በውስጡ ያሉት ሰዎች ናቸው፤ ሰው ደግሞ በኮድ አይጻፍም። እኔ ወደ እሷ መተግበሪያ ሄድኩ።

ደረጃውን ክፍት ማድረግ ብቻውንም አያድንም። ጉግል ቶክ የተባለው የመልእክት አገልግሎት በ2005 ሲጀመር ኤክስኤምፒፒ በተባለው ክፍት ደረጃ ላይ የተሠራ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር መነጋገር ጀመረ። በሌላ ሰርቨር ላይ ያለ ሰው የጉግል ተጠቃሚ ለሆነ ወዳጁ መጻፍ ይችል ነበር። ጊዜው ጥሩ ነበር። በ2013 ጉግል ቶክ በሃንግአውትስ ተተካና ያ ድልድይ ተተወ። በሌሎቹ ሰርቨሮች ላይ የነበሩት ሰዎች አንድ ቀን ወዳጆቻቸው ከዝርዝሩ ላይ ዝም አሉባቸው። ደረጃው አልተበላሸም፤ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ከአንድ ትልቅ ተሳታፊ ጋር የተያያዘው ሕዝብ ግን ከተሳታፊው ጋር ሄደ።

በካርታ ላይ የገጠመኝ ወሰን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ስቲቭ ኮስት በ2004 የጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ በብዙ ቦታ ከዝጎቹ ካርታዎች ይበልጣል፤ የእግር መንገድ፣ ደረጃ፣ የውኃ ቧንቧ፣ አግዳሚ ወንበር ሳይቀር አለበት። በጥር 2010 ሄይቲን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታ በጎ ፈቃደኞች ከሳተላይት ምስል ላይ ተነሥተው የፖርት ኦ ፕሪንስን ካርታ በቀናት ውስጥ ሣሉት፤ የነፍስ አድን ሠራተኞችም ተጠቀሙበት። በእግር ስሄድ የምከፍተው እሱን ነው። መኪና ስይዝና ሰዓት ሲጠብበኝ ግን ወደ ዝጉ እሄዳለሁ፤ የትኛው መንገድ አሁን በዚህ ደቂቃ እንደተዘጋጋ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ። እንዴት አወቀ? በየመኪናው ውስጥ ያሉ ስልኮች ያሉበትንና የሚሄዱበትን ፍጥነት ስለሚልኩለት ነው። ክፍቱ ካርታ ይህን ለማግኘት ተጠቃሚዎቹን መከታተል አለበት፤ ሰዎች ደግሞ ወደ እሱ የሚመጡት ላለመከታተል ነው። ስለዚህ ይህን ጉድለት አልቃወምም። እንዲህ ያለው ጉድለት መኖር አለበት፤ ችኩል ስሆን ብቻ ከሌላው ወገን እበደራለሁ።

ስለ ቢሮ ሥራ የሚነገረው ሁሉ ተነግሯል፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ክፍቱ የቢሮ ሶፍትዌር ሊብሬኦፊስ የተላከለትን የወርድ ፋይል ሲከፍት ካሊብሪ የሚባለው ቅርጸ ፊደል ከሌለው በካርሊቶ ይተካዋል። ካርሊቶ የተሠራው እያንዳንዱ ፊደል ከካሊብሪ ጋር እኩል ስፋት እንዲኖረው ነው፤ ስለዚህ መስመሩ የሚሰበረው በዚያው ቃል ላይ ነው፤ ገጹም አይንሸራተትም። አንድ ሰው ተቀምጦ የፊደል ስፋት በፊደል ስፋት አመሳስሎ ይህን አስቦበታል። ይህን ሳይ ባርኔጣዬን ባነሣ ደስ ይለኛል፤ ባርኔጣ የለኝም እንጂ። ግን ፋይሉ ተመልሶ ሄዶ፣ በሦስት ሰው እጅ ታርሞ፣ በሰንጠረዡ ውስጥ አስተያየት ተጽፎበት ሲመለስ የሆነ ቦታ ላይ አንድ ሣጥን ዘሎ ሌላ ገጽ ላይ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ስለ ቅርጸ ፊደሉ ጥበብ የሚሰማኝ የለም። የሙኒክ ከተማ አስተዳደር በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመዞር ወስኖ በ2013 ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን አዛውሮ ነበር፤ በ2017 ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ፖለቲካው የራሱ ድርሻ ነበረው። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ሰነድ የመለዋወጡ ጣጣም በየጊዜው ይነሣ ነበር። አንድ ከተማ ብቻውን ሥርዓቱን ሲቀይር ጎረቤቶቹ አብረውት አይቀይሩም።

አንድ ሌላ ፈቃድ አለ፤ ማንም ሳይጠየቅ እንደተሰጠ የሚቆጠር። የኮዱ ጠባቂ የሆነው ሰው ጤናና ጊዜ ነው። በመጋቢት 2024 መጨረሻ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ሌላ ነገር እየለካ ሳለ ኤስኤስኤች በተባለው የርቀት መግቢያ በኩል ወደ ኮምፒውተሩ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላ ሰው ቢሆን ኔትወርኩን ረግሞ ያልፍ ነበር። እሱ ክሩን ይዞ ሲስብ ኤክስዚ ወደተባለ ፋይል መጭመቂያ ደረሰ፤ በውስጡም የኋላ በር፣ ማለትም በድብቅ የሚያስገባ ኮድ፣ ተገኘ። ወደ ዋና ዋናዎቹ የሊኑክስ ሥርጭቶች ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነበር።

በሩን ያስገባው ጂያ ታን በሚል ስም የሚጽፍ ሰው፣ ወይም ሰዎች፣ ነው። እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ ረዳት ነው የመጣው። ከ2021 ጀምሮ ጥቃቅን ማሻሻያዎችን በትሕትና ይልካል። ያን ኮድ ለብዙ ዓመታት ያለ ክፍያ ብቻውን የጠበቀው ላሴ ኮሊን በ2022 የአእምሮ ጤና ችግር እንደነበረበትና ይህም ሥራ ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜው የሚሠራው እንደሆነ በግልጽ ጽፎ ነበር። ማንነታቸው የማይታወቅ ሌሎች ስሞች ደግሞ «ሥራው ዘገየ፤ ለሌላ አስረክብ» እያሉ ይጨቀጭቁታል። ረዳት አለ፤ ደክሞታል፤ አስረከበ። ጥቃቱም በብልሃት ተደብቆ ነበር፤ ክፉው ኮድ የተቀመጠው መሞከሪያ በሚመስሉ ፋይሎች ውስጥ ነው፤ ያንን የሚቀሰቅሰው ቁራጭ ደግሞ ሁሉም ሰው በሚያየው ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፤ ለሥርጭት በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ «ኮዱ ክፍት ስለሆነ ብዙ ዓይን ያየዋል» የሚለው ክርክር ግማሹ ብቻ እውነት ሆኖ ተገኘ። ያየው አንድ ዓይን ነው፤ ያም ዓይን ደመወዝ የሚከፈለው፣ ግማሽ ሰከንድ የሚያሳስበውና ለመመርመር ጊዜ ያለው ሰው ዓይን ነው። ዝግ ቢሆን ኖሮ ግን ያ ዓይንም አይደርስበትም ነበር፤ ይህን የማይጨምር ሰው ታሪኩን አጉድሏል።

ይህን ሁሉ ብዬ ለምን ክፍቱን አልተውኩም? ዝጎቹም ስለሚሞቱ ነው፤ ሲሞቱ ደግሞ ደንበኛውን ይዘው ይሞታሉ። ሪቮልቭ የተባለውን የቤት መቆጣጠሪያ የገዛው ኔስት በግንቦት 2016 ሰርቨሩን ሲዘጋ መሣሪያው ጌጥ ሆኖ ቀረ። ኢንስቲየን በሚያዝያ 2022 ያለ ማስጠንቀቂያ ሰርቨሮቹን አጥፍቶ ደንበኞቹ መብራታቸውን ከስልካቸው ማብራት አቃታቸው። ከእነሱ መካከል ብዙዎቹ የተረፉት በ2013 በተጀመረው ሆም አሲስታንት በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ በቤት ውስጥ በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራ የሩቅ ሰርቨር ሳያስፈልገው መሣሪያዎቹን ማዘዝ ቻለ። እዚህ ላይም ያው መለኪያ ይሠራል፤ የማንም ፈቃድ ስላላስፈለገው ሠራ።

በሌሎቹ ጉዳዮች ላይ ተስፋዬን የምጥለው በፕሮግራመሮች ላይ አይደለም። የሰው ፈቃድ የሚከለክለውን ነገር የተሻለ ኮድ አይከፍተውም፤ የሚከፍተው ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ያወጣው የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ግዙፎቹን ኩባንያዎች ያስገድዳል፤ ከግዴታዎቹ አንዱ ትልልቆቹ የመልእክት መተግበሪያዎች፣ ሌሎች ሲጠይቋቸው፣ በራቸውን እንዲከፍቱ ነው። ኩባንያዎች ሕጉ ከሚለው አንዲት ስንዝር አልፈው እንደማይሄዱ አውቃለሁ። ነገር ግን ያው ኅብረት የስልክ ቻርጀር ሶኬት አንድ ዓይነት እንዲሆን ሲወስን አፕል ሳይወድ በ2023 ሶኬቱን ቀየረ። የትኛውም ክፍት ፕሮጀክት ያንን ሊያስደርግ አይችልም ነበር።

እስከዚያው ድረስ ሥራው በቤተሰብ ውስጥ ላሉት «ኮምፒውተር የሚያውቁ» ሰዎች ይወድቃል። በጥቅምት 2025 የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ሲያበቃ የአጎቴ ኮምፒውተር የዊንዶውስ 11ን መስፈርት ስለማያሟላ «አዲስ ግዛ» የሚል መልእክት እያሳየው ነበር። ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም። ደወለልኝ።

«ያንተ ነገር እዚህ ላይ ይሠራል?»

«ጋሼ፣ ምን ምን ይሠሩበታል?»

ዜና ያነባል፤ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ከልጆቹ ጋር በቪዲዮ ይነጋገራል፤ ፎቶ ያስቀምጣል። ከዚህ ውስጥ የሰው ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ከፍላሽ ላይ አስነሥቼ ካሜራው፣ ድምፁና ዋይፋይው መሥራታቸውን አይተን ከዚያ ፎቶዎቹን ቀድተን ሊኑክስ ሚንትን ጫንኩለት። ስልኩን አልነካሁበትም።

«ሲበላሽ ማንን ልጥራ?» አለኝ።

«እኔን።»

ደስ አለው። በሳምንቱ ደውሎ ለጎረቤቱም እንድጭንለት ጠየቀኝ፤ የእሱም ኮምፒውተር ያንኑ መልእክት እያሳየ ነው። ይቅርታ ጠይቄ እምቢ አልኩ። የአጎቴን፣ የእናቴንና የእህቴን ልጅ ኮምፒውተር የማየው እኔ ነኝ፤ ማሻሻያ ወጥቶ አንድ ነገር ሲበላሽ በሥራ ሰዓትም ቢሆን ይደወልልኛል። አራተኛውን ሰው ብቀበል ለሦስቱም በወጉ አልደርስም፤ ጎረቤትየው ደግሞ እኔን ሲያጣ የሚጠራው ሌላ ሰው የለውም። ለእሱ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ይሻለዋል አልኩት፤ አጎቴም ብዙም ሳያኮርፍ ስልኩን ዘጋው።